በሲኒማ የሚታዩት ባለ ጡንቻ መኪኖችና የእኛ ቁልቁለት
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ለከባድ መኪና እንዲመች ሆኖ የተዘረጋው ኢጣልያኖች አገራችንን ወርረው በቈዩበት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን እንደ ነበር የታወቀ ነው። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋራ የመኪናው ቋንቋ ቀረ። ዛሬም ቢሆን በውጫሌ መንገድ ዳር መኪናው ተበላሽቶበት ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ ሾፌር የሚያወራው ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ባሌስትራ፣ ስለ ካንዴላና ስለ ማርሚታ ነው። እነዚህን ቃላት ከኢጣልያኖች መውሰዳችንን ብዙዎቻችን ረስተነዋል።

ዛሬ የምናገረው ከዚያ ወዲህ ከሌላ አገር፣ በሌላ መንገድ ስለ መጣልን ነገር ነው። ይኸውም በሲኒማ ቤትና በየቤታችን ባለው ቴሌቪዥን በምናያቸው የማሳደድና የግብግብ ፊልሞች ውስጥ እያገሡ ስለሚያልፉት፣ አሜሪካኖች «ማስል ካር» ብለው ስለሚጠሯቸው፣ በእኛ አነጋገር ባለ ጡንቻ ልንላቸው ስለምንችለው መኪኖች ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በፊልም ላይ ሲታዩ ግን ላሜራቸው የጥንቱ ሆኖ፣ በኮፈናቸው ሥር የተቀመጠው ሞተር ብዙ ጊዜ የሌላ መኪና፣ አንዳንዴም የሌላ ፋብሪካ ነው። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምንስ እንደሚሠራ፣ ከዚያም ለእኛ ሊጠቅመንና ሊጎዳን የሚችለው የቱ እንደ ሆነ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩ የመዝናኛ ወሬ ይመስላል። ዳሩ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ አንዲት አሮጌ መኪና ላለው ሰው የመዝናኛ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎባቸዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን መንግሥት አስታውቋል። ስለዚህ ቤንዚን የሚጠጣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እርሷኑ እያሳከመ ይኖራል። ሞተሯ ዘይት መጠጣትና ጭስ መትፋት ስትጀምር ወደ ጋራዥ ይወስዳታል። መካኒኩም «ጋሼ፣ ይህን ሞተር ከማሳደስ ሌላ ተለቅ ያለ ብንገጥምላት ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይደርስባታል!» ይለዋል። ባለ መኪናውም ማታ ያየው ፊልም በዐይኑ ውል ይልበታል። «እንግዲህ አንተ ካልህ ይሁና፣ ወንድሜ» ብሎ ቀብዱን ይሰጣል። ልጆቻችን የሚቀመጡት በዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ክርክር ላንሣ። የጥንት መኪና የሚወዱ ሰዎች «ከራሱ ሞተር የተለየ መኪና አስመሳይ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ባለ ጡንቻው መኪና ራሱ የተወለደው በሞተር ለውጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1964 ጆን ዴሎሪያን የሚባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ በፖንቲያክ ፋብሪካ ውስጥ ለትልቁ መኪና የተሠራውን ሞተር አንሥተው ቴምፔስት በሚባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ አገቡት። የፋብሪካው ባለቤት የሆነው የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ መካከለኛ መኪኖቹ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠምላቸው የሚከለክል ደንብ ነበረው። መሐንዲሶቹ የገጠሙት 389 ነበር፤ በእኛ ልክ 6.4 ሊትር ያህል መሆኑ ነው። ደንቡንም ያለፉት በዘዴ ነው። ሞተሩን የመኪናው መደበኛ ክፍል አድርገው በማቅረብ ፈንታ ገዢው ከፈለገ ብቻ ዋጋ ጨምሮ የሚያስገጥመው ተጨማሪ ዕቃ ነው ብለው አቀረቡት። መኪናው «ጂ ቲ ኦ» ተባለ፤ 325 የፈረስ ጉልበትም ነበረው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የሚታየው ቮልስ 1.2 ሊትር ሞተር ሲኖረው ጉልበቱ ከ40 ፈረስ አይበልጥም ነበር። እንግዲህ ከስምንት ቮልስ በላይ ጉልበት በአንድ ኮፈን ሥር ማለት ነው።

ዘመኑ ግን አልረዘመም። የአየር ብክለት ሕግ፣ የኢንሹራንስ መወደድና እ.ኤ.አ. በ1973 የተነሣው የነዳጅ ዋጋ መናር ባለ ጡንቻዎቹን ከገበያ አወጣቸው። ያው የዋጋ ንረት በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች ለአድማ አስነሥቶ በአገራችን ምን እንዳስከተለ ዕድሜው የፈቀደለት አድማጭ ያስታውሰዋል።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። የማሳደድ ፊልም ሁሉ አባት ተብሎ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ቡሊት» ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚደረገው ማሳደድ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለዚህ ሥራ ሁለት አረንጓዴ ፎርድ ማስታንግ መኪኖች ተዘጋጁ፤ አንዱ ለቅርብ ፎቶግራፍ፣ ሌላው ለዝላይ። መኪኖቹን ያሰናዳው ማክስ ባልቾውስኪ የሚባል እሽቅድምድም ዐዋቂ ነበር። ይህ ሰው ሞተሩን አስተካክሏል፤ ነገር ግን ብዙ የደከመበት በመኪናው እግር ላይ ነው። ሞላዎቹንና አሞርቲዛተሮቹን አጠናከረ፤ ከኮረብታ ዘሎ ሲወርድ የሚሰበረውን ሁሉ አስቀድሞ አበረታ። ተመልካቹ የሚሰማው የሞተሩን ድምፅ ነው፤ መኪናውን በሕይወት ያቈየው ግን ከሥር ያለው ብረት ነው። ለቅርብ ፎቶግራፍ ያገለገለው ማስታንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በጨረታ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ተሸጧል። የዘለለው ወንድሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በሜክሲኮ ከወዳደቀ ብረት መካከል ተገኝቷል። ከሁለቱ የትኛው ዝላዩን እንደ ቻለ ለሚያውቅ ሰው ይህ የዋጋ ልዩነት ያስገርማል።

ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተከታተለ የሚወጣውን «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» የተባለውን ፊልም ወጣቶቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዚህን ፊልም መኪኖች የሚያሠራው ዴኒስ ማካርቲ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው ክፍል ውስጥ አንድ የ1967 ፎርድ ማስታንግ ባለ ስድስት ሲሊንደር የጃፓን ኒሳን ሞተር ተገጥሞለት ይታያል። ይህን ያደረጉት ለወሬ ሳይሆን በእርግጥ ገጥመውት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ለወጣው ክፍል ደግሞ በበረዶ ላይ የሚሮጠውን የዶጅ ቻርጀር ሞተር ከፊት አንሥተው ወደ መካከል አዛወሩት፤ ኀይሉም አራቱንም ጎማ እንዲያዞር አደረጉ። ሞተሩ የዶጅ አልነበረም፤ የተቀናቃኙ የሸቭሮሌ ፋብሪካ 6.2 ሊትር ሞተር ነበር። የዶጅ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቈጡ።

ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ለአንድ ፊልም አንድ መኪና በብዙ ቅጂ ይሠራል፤ አንዱ ለመንደርደር፣ አንዱ ለመገልበጥ፣ አንዱ ለተዋናዩ ፊት። ሠራተኛውና ተዋናዩ በሜዳ ላይ ቆመው አንድ ሞተር እምቢ ቢል የሚባክነው ገንዘብ ብዙ ነው። ስለዚህ በሁሉም መኪኖች ውስጥ አንድ ዓይነት፣ መለዋወጫው በየትም የሚገኝ፣ መካኒኩ ዐይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ሞተር ያገቡባቸዋል። ከአንዱ የተፈታው ለሌላው ይሆናል። እንግዲህ የፊልም ሠሪው ሞተር የሚለውጠው ጉልበት ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሥራ እንዳይቆምበት ብሎ ነው። በአገራችን የድሮ ላንድሮቨር የጃፓን ናፍጣ ሞተር አስገጥሞ በገጠር መንገድ የሚሠራ ሰው ሐሳቡ ከዚህ የተለየ አይደለም። በዚህ በኩል የእኛ መካኒኮች ከሆሊዉድ የሚማሩት ብዙ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአፍሪካችን ምድርም እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፣ ፊውሪ ሮድ» አብዛኛው የተቀረጸው በናሚብያ በረሓ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ሁለት የ1959 ካዲላክ ገላዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ ሁለት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ተጣምረው የሚነዱት አንድ ጉድ መኪና አለ። ፊልሙ ስድስት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ከእነዚህም አንዱ መኪኖቹን ጭምር ላሰናዱት ለኮሊን ጊብሰንና ለሊሳ ቶምፕሰን በፊልም ንድፍ የተሰጠ ነው።

ስለ ድምፁም አንድ ቃል። በፊልም የምንሰማው ግሣት ብዙ ጊዜ በዐይናችን የምናየው መኪና ድምፅ አይደለም፤ ከሌላ መኪና ተቀርጾ የተለጠፈ ነው። የአምባሰል ሰው ይህን ቢሰማ ሊደነቅ አይገባውም። በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ መሰንቆ በትዝታ ቢዘፍንለት ወዲያው ያውቃልና፣ ጆሮውን ለሞተር ቢያስለምድ ማታለሉን እርሱም ይደርስበታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ካሜራው የማያሳየን ምንድን ነው? በእነዚያ መኪኖች ውስጥ መኪናው ቢገለበጥ ጣራው እንዳይጨፈለቅ ከወፍራም ቱቦ የተበየደ የብረት ቀፎ አለ። ነጂው በትከሻውም በወገቡም በሚያልፍ ቀበቶ ታስሯል። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ተለውጦ በማይቀደድ ሌላ ተተክቷል። ፍሬኑ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ራዲያተሩ፣ መሪው ሁሉ በአዲሱ ሞተር ልክ ተለውጧል። መንገዱ ተዘግቷል፤ እሳት አጥፊና ሐኪም በቅርብ ቆሟል። ሙከራው ካልተሳካ እንደገና ይደረጋል። እኛ በስክሪኑ ላይ የምናየው ከዚህ ሁሉ ሞተሩንና ጭሱን ብቻ ነው። ስንቀዳም የምንቀዳው ያየነውን ነው፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ያቺን ጋራዥ የገባች መኪና ከደሴ አንሥተን ወደ ውጫሌ እንንዳት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። በካሊፎርንያ ዳርቻ 400 ፈረስ የተባለው እዚህ 300 ያህል ቢሆን ነው። ውኃም የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ሞተር የተሠራው ራዲያተር ትልቁን ሞተር ማቀዝቀዝ ይሳነዋል፤ ዳገት ላይ እንፋሎቱ ይነሣል። ይህ ግን ንዴትና የመንገድ ዳር መቆም ያመጣ ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም።

ሰው የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። የመኪና የግስጋሴ ኀይል ከፍጥነቱ ጋራ እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሮጥ የነበረች መኪና በአዲሱ ሞተር 80 ብትሮጥ ፍሬኗ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል በሲሶ ብቻ የጨመረ ይመስለናል። የጨመረው ግን ወደ እጥፍ የሚጠጋ፣ 1.8 ጊዜ ያህል ነው። ወደ 120 ብትደርስ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ኀይል ሙቀት ሆኖ በፍሬኑ ሸራና በዘይቱ ላይ ይወርዳል። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እግር ሥር እንደ ጥጥ ይሆናል። ከሐይቅ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ይህ ቢደርስ «እንደገና ይቀረጽ» የሚል ዳይሬክተር የለም።

አንድ ሌላም አለ፤ ይህን እምብዛም ሲነገር አልሰማሁም፣ ስለዚህ ጥቂት ልቈይበት። በብዙ የቤንዚን መኪኖች ላይ የእግራችንን ኀይል አብዝቶ ለፍሬኑ የሚያስተላልፍ «ሰርቮ» የሚባል ክብ ዕቃ አለ። ይህ ዕቃ የሚሠራው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለውን ባዶነት አይፈጥርም፤ ስለዚህ ለፍሬኑ ብሎ አየር የሚመጥ ትንሽ ፖምፓ ሊኖረው ግድ ነው። የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ ሲተካ ይህን ፖምፓ የረሳ ወይም ቱቦውን ሳያገናኝ የቀረ መካኒክ መኪናዋን በሜዳ ላይ ቢሞክራት ያለ ችግር ትቆማለች፤ ፔዳሉ ትንሽ ጠንከር ከማለቱ በቀር። ጭነትና ሰው ይዛ ቁልቁለት ስትጀምር ግን የነጂው እግር ድንጋይ የረገጠ ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ የናፍጣ ሞተር፣ የጭስ መዝጊያ ፍሬን ካልተበጀለት በቀር፣ ማርሽ ቀንሰው ሲወርዱ መኪናን የመያዝ ኀይሉ ከቤንዚኑ ያነሰ ነው። ክብደቱም የበለጠ ነው፤ ይህም ክብደት በፊተኛው ባሌስትራና በመሪው ላይ ያርፋል። በሦስት በኩል ፍሬን ተቀነሰባት፣ በአንድ በኩል ጉልበት ተጨመረላት ማለት ነው። በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ ወገኖቻችን በመኪና አደጋ በሚያልቁበት አገር ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ስለዚህ ለመካኒኩ ቀብድ ከመስጠት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ፈረስ አለው?» የሚለው አይደለም። ፍሬኑን በምን ትለውጠዋለህ? ሰርቮው ባዶነቱን ከየት ያገኛል? ራዲያተሩ የማን ነው? ካምቢዮውና ሞተሩ በምን ይጋጠማሉ? ይህን ጠይቆ መልስ ያላገኘ ሰው የቀድሞውን ሞተር አሳድሶ ቢመለስ ይበጀዋል፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ በርካሽ ይወጣል። መካኒኩ ግን «ጋሼ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን ነው የምንሠራው» ካለ፣ ያ ሰው ሙያውን የሚያውቅ ነውና እጁን ይዘው አይልቀቁት።

የቀረው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ውጫሌን አንሥቶ ውሉን ሳያነሣ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በይስማ ንጉሥ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ስለ ነበር፣ የነገሩ መጨረሻ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተፈጸመ። የመኪና ሊብሬ ከመንግሥታት ውል ጋራ አይወዳደርም። ሆኖም በወረቀቱ ላይ አንድ የሞተር ቁጥር ተጽፎ በኮፈኑ ሥር ሌላ ቁጥር ቢገኝ፣ ለባለቤቱ የሚያመጣበት ጣጣ ቀላል አይሆንም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መኪና ሁሉ በሻንሲውና በሞተሩ ቁጥር እንዲመዘገብ፣ በየዓመቱም እንዲመረመር ያዝዛል። ሞተር የለወጠ ሰው ይህን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስታውቆ አዲሱን ቁጥር በሊብሬው ላይ ማስመዝገብ አለበት። ሳያስመዘግብ ቢቀር ቦሎ ለማግኘት ይቸገራል፤ መኪናውን ለመሸጥ ይቸገራል። አደጋ የደረሰ እንደ ሆነም የኢንሹራንሱ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ለዚህም ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝና ወደ አገር የገባበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሻጩ እጅ በግዢው ቀን መውሰድ ያስፈልጋል። ሻጩ «በኋላ አመጣልሃለሁ» ቢል ሞተሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይቈይ፤ ወረቀቱ ሲመጣ ጋሪ ተከራይቶ መውሰድ አያስቸግርም።